የችፕስ ታሪክ፤ ከመጥበሻው እስከ ከረጢቱ

በሰሜን አሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በማዕድን ውኃ ምንጮቿ የታወቀች ሳራቶጋ ስፕሪንግስ የምትባል ከተማ አለች። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የአገሩ ባለጸጎች በጋውን የሚያሳልፉት በዚህች ከተማ ስለ ነበር፣ በአቅራቢያዋ ባለው ሐይቅ ዳር የተሠሩት ምግብ ቤቶች ስማቸው የገነነ ነበር። ስለ ችፕስ አፈጣጠር በዓለም ዙሪያ የሚነገረው ታሪክም የሚጀምረው ከዚሁ ሥፍራ ነው። በ1853 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሙንስ ሌክ ሃውስ ወደተባለው ምግብ ቤት አንድ ከበርቴ ገብቶ የተጠበሰ ድንች አዘዘ ይባላል። ድንቹ ሲቀርብለት ወፍሯል ብሎ መለሰው። ወጥ ቤቱ ጆርጅ ክረም ቀጠን አድርጎ ጠብሶ ቢልክለት ያም አልተወደደለትም። በዚህ ጊዜ ክረም ተናደደ። ድንቹን እንደ ወረቀት አሳስቶ ቆራረጠ፤ በሹካ ሊወጋ እስከማይቻል ድረስ አድርቆ ጠበሰው፤ ጨውም ያለ ልክ ነሰነሰበትና ለዚያ አስቸጋሪ ሰው ላከለት። ከበርቴው ግን አንዱን ጎረሰ፣ ደገመ፣ ሳሕኑንም ጠርጎ ሌላ አዘዘ። ይህ ሰው የመርከብና የባቡር ሐዲድ ጌታ የነበረው ኮርኔሊየስ ቫንደርቢልት ነው የሚሉም አሉ።

ታሪኩ ለጆሮ ይጥማል። በጓዳ ያለ ሠራተኛ በአዳራሽ ያለውን ጌታ በመጥበሻው ሲበቀለው፣ በቀሉም ወደ ሲሳይ ሲለወጥ፣ የሚጠላ አድማጭ የለም። ነገር ግን ጽሑፎች ሲመረመሩ ታሪኩ ጸንቶ ሊቆም አይችልም።

በመጀመሪያ፣ ክረም ድንቹን ጠበሰ ከተባለበት ዘመን ከሠላሳ ዓመታት በፊት፣ በእንግሊዝ አገር ዊልያም ኪችነር የተባለ ሰው በ1817 ባሳተመውና በተደጋጋሚ በታተመው የምግብ አሠራር መጽሐፉ ውስጥ ይህንኑ ሙያ አስተምሯል። በ1822 እትም ላይ የሚገኘው መመሪያ፣ ትልልቅ ድንች ተልጦ እንዲቆረጥ ወይም ሎሚ እንደሚላጥ ዙሪያውን በስሱ እንዲሸለት፣ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ እንዲደርቅ፣ በጋለ ሞራም እየተገላበጠ እስኪኮረሸም ድረስ እንዲጠበስ፣ ከዚያም በወንፊት ላይ ጠፍፎ ጥቂት ጨው እንዲነሰነስበት ያዛል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመሳሳይ መመሪያ በአሜሪካ የወጥ ቤት መጻሕፍትም ላይ ታትሟል። ሁለተኛ፣ በሳራቶጋ እንኳ ቢሆን ሙያው ከክረም በፊት ይታወቅ ነበር። በ1849 የወጣ አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ በሐይቁ ዳር ባለው ምግብ ቤት የምትሠራ ኤላይዛ የምትባል ወጥ ቤት ድንች በመጥበስ ያተረፈችውን ስም አንሥቶ ጽፏል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያስገርመው የክረም የራሱ ዝምታ ነው። በ1893 እርሱው ባሳተመው አጭር የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ችፕስን ፈጠርሁ የሚል ቃል አይገኝም። እህቱ ኬት ዊክስም በዚያው ጓዳ ትሠራ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ኖራለች ተብላ በሞተች ጊዜም የከተማው ጋዜጣ የሳራቶጋን ችፕስ መጀመሪያ የጠበሰችው እርሷ ናት ብሏል።

ይህ ማለት ጆርጅ ክረም ምስጋና አይገባውም ማለት አይደለም። የአፍሪካ ተወላጆችና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ደም ያለበት ይህ ሰው፣ ዘሩ ብዙ በሮችን በሚዘጋበት ዘመን፣ በ1860 ሞልታ በተባለው ሥፍራ የራሱን ምግብ ቤት ከፍቶ ባለጸጎችን ተራ ያስጠብቅ ነበር። በየገበታው ላይ ችፕስ የሞላ ቅርጫት ይቀመጥ እንደ ነበርም ይነገራል። በ1914 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ የተከበረው በአንድ ቀን ንዴት ሳይሆን በዕድሜ ልክ ሙያው ነው። አፈ ታሪኩ ሰውዬውን ያከበረ ይመስላል እንጂ በእውነቱ አሳንሶታል፤ የብዙ ዓመት ጥበቡን ወደ አንድ የቁጣ ደቂቃ ለውጦበታልና።

ታዲያ ታሪኩ እንዴት ይህን ያህል ተስፋፋ? መልሱ ከጓዳው ሳይሆን ከማሸጊያው በኩል ይገኛል። በ1973 የችፕስ ማሸጊያ የሚሠራ አንድ የወረቀት ኩባንያ ክረምንና ቫንደርቢልትን የሚያሳይ ማስታወቂያ በታላላቅ የአሜሪካ መጽሔቶች ላይ አወጣ። በ1983 ዊልያም ፎክስና ሜይ ባነር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአፈ ታሪኩን ልዩ ልዩ መልኮች ሰብስበው ባጠኑ ጊዜ፣ ታሪኩ እንደ ተራኪው ጥቅምና እንደ ዘመኑ ሁኔታ እየተለዋወጠ መምጣቱን አሳይተዋል። የችፕስን ልደት ለዓለም የነገረው የከረጢት ሠሪ መሆኑ እንደ ቀልድ ሊታይ ይችል ይሆናል። ሆኖም ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ችፕስን ከአንድ ከተማ ጣፋጭነት ወደ ዓለም ምግብነት ያሸጋገረው መጥበሻው ሳይሆን ከረጢቱ ነውና። ይህን ለመረዳት አስቀድሞ ድንቹ በዘይት ውስጥ ምን እንደሚሆን ማየት ያሻል።

ጥሬ ድንች ከአምስቱ እጅ አራቱ ውኃ ነው። የተጠበሰ ችፕስ ግን የሚቀረው የውኃ መጠን ከመቶ ሁለት እጅ አይበልጥም። ስለዚህ ችፕስ መጥበስ ማለት በመሠረቱ ውኃን አባርሮ በቦታው ዘይት ማስገባት ማለት ነው። አንድ ኪሎ ችፕስ ለማግኘት አራት ኪሎ ያህል ጥሬ ድንች ይፈጃል፤ ከተጠበሰውም ክብደት ሲሦው ያህል ዘይት ነው። ከዚህም የተነሣ ጠባሾች ድንችን ሲመርጡ መልኩን ብቻ አያዩም። ውኃው የበዛ ድንች ዘይት ይጠጣል፤ ጊዜም ማገዶም ይጨርሳል፤ ተጠብሶም ይልፈሰፈሳል። ዱቄታማው፣ በእጅ ሲመዘን ከበድ የሚለው ድንች ግን ዘይት ሳያበዛ ይደርቃል።

አሠራሩ በነገር ሲገለጽ ቀላል ነው፤ በእጅ ሲሠራ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ድንቹ ተልጦ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሚሊሜትር በሚሆን ውፍረት፣ ሁሉም እኩል ሆኖ ይቆረጣል። እኩል ካልሆነ ስሱ ሲያር ወፍራሙ ጥሬ ይቀራል። ከዚያም ውኃው እስኪጠራ ድረስ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል። በቢላዋ የተቆረጠው ፊት ላይ የሚወጣው ነጭ ስታርች ካልታጠበ ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ የዘይቱንም ታች ያሳርራሉ። ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ኪችነር በዚያ ዘመን ስለ ንጹሑ ጨርቅ አጥብቆ መናገሩ በከንቱ አልነበረም። ዘይቱ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ይጨመራል። ወዲያው ዘይቱ ይንፈቀፈቃል፤ ያ አረፋ ከድንቹ የሚወጣው ውኃ እንፋሎት ነው። ልምድ ያለው ጠባሽ ሰዓት አይመለከትም፤ ያዳምጣል። ጩኸቱ ሲበርድ፣ አረፋውም ሲያንስ፣ ውኃው አልቋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያልፍ እያንዳንዱ ቅጽበት ወርቃማውን ወደ ቡኒ፣ ቡኒውንም ወደ መራራ ይለውጠዋል። ጨው የሚነሰነሰው ገና ትኩስ ሳለ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ አይይዝለትም።

የጥንቱ አጠባበስ በትልቅ ድስት ነበር። ቀዝቃዛው ድንች በአንድ ጊዜ ሲጨመር የዘይቱ ግለት ይወርድና ቀስ እያለ መልሶ ይግላል፤ በዚህ አካሄድ የሚጠበሰው ችፕስ ጠንከር ያለና የተጠማዘዘ፣ በጥርስም ላይ ድምፁ የጎላ ይሆናል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ድንቹን ያለማቋረጥ በጋለ ዘይት ውስጥ እያሳለፈ የሚጠብስ መሣሪያ ተሠራ። ይህ መሣሪያ የዘይቱን ግለት ሳያወርድ ስለሚጠብስ ችፕሱ ስስ፣ ቀላልና ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ። ከሃምሳ ዓመታት በኋላ ደግሞ ነገሩ ተመልሶ ዞረ። ከ1980 ጀምሮ በማሳቹሴትስና በኦሪገን የተቋቋሙ ትንንሽ ፋብሪካዎች ድስቱን መልሰው አነሡት፤ የድስት ጥብስ ነው ብለውም ከሌላው አስወድደው ሸጡት። ሰው ርካሹን ካገኘ በኋላ የተወውን መልሶ በውድ ዋጋ መግዛቱ በችፕስ ብቻ የታየ አይደለም።

ከመጥበሻ የወጣ ችፕስ አንድ ታላቅ ጠላት አለው፤ እርጥበት ነው። ውኃውን ያጣው ድንች ከአየሩ ላይ ውኃ ይስባልና ሳይሸፈን ካደረ ኩርሽም ማለቱ ቀርቶ እንደ ቆዳ ይለጠጣል። ሁለተኛው ጠላት ከብርሃን ጋር የተባበረ አየር ነው፤ በስሱ ድንች ላይ የተዘረጋውን ዘይት አበላሽቶ ክፉ ሽታ ያመጣበታል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ ከተሞች ችፕስ በጋሪ እየተጫነ ለየመደብሩ ይታደል ነበር። ባለ መደብሩ በበርሜል ወይም በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠውና ለገዢው እየዘገነ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጠው ነበር። ከላይ የሚዘገነው ደህና ነበር። ወደ በርሜሉ ታች የሚደርሰው ገዢ ግን የሚያገኘው የተሰባበረ፣ የረጠበና ያረጀ ፍርፋሪ ነበር። በመሆኑም ችፕስ ከተጠበሰበት ከተማ ርቆ ሊሄድ አልቻለም፤ ገበያው ጋሪው በአንድ ቀን ደርሶ እስከሚመለስበት ሥፍራ ብቻ ነበር።

ይህን ችግር የፈታችው ሎራ ስከደር የምትባል ሴት ናት። በ1881 በፊላዴልፊያ የተወለደችው ስከደር አስታማሚ ነርስ ነበረች፤ ቆይታም ሕግ አጥንታ የጥብቅና ፈቃድ አግኝታለች። በመጨረሻም ከባሏ ጋር በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ፓርክ በተባለ ቦታ ከነዳጅ ማደያ ሥራ ጋር ኑሮዋን መሠረተች። በ1926 የችፕስ ሥራ ስትጀምር ያሰበችው ስለ አጠባበሱ ብቻ አልነበረም። ሴቶች ሠራተኞቿ ማታ ማታ በሰም የተነከረ ወረቀት ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ። በቤታቸውም ወረቀቱን በካውያ እየተኮሱ፣ ሰሙ ሲቀልጥ ጠርዝና ጠርዙ እየተጣበቀ፣ ከረጢት ያደርጉታል። በማግስቱ ከረጢቶቹን ይዘው ይመጣሉ፤ ችፕሱ በእጅ ይሞላባቸዋል፤ አፋቸውም እንደገና በካውያ ይታሸጋል። ሰሙ እርጥበቱን ከለከለ፤ ከረጢቱም ችፕሱ በመንገድ እንዳይደቅ ጠበቀው። ስከደር በከረጢቱ ላይ ቀን እንዲታተም በማድረጓም ገዢው የሚበላው ነገር መቼ እንደ ተዘጋጀ ለማወቅ ቻለ። በርሜሉ ከየመደብሩ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የሳራቶጋው አፈ ታሪክ አንድ ቁጡ ወንድና አንድ ባለጸጋ አለው። የከረጢቱ ታሪክ ግን እንዲህ ያለ ትርዒት የለውም፤ ያለው በሌሊት የጋለ ካውያ ይዘው ወረቀት የሚያጣብቁ፣ ስማቸውም ያልተመዘገበ ሴቶች ናቸው። ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ነገር ግን በ1930ዎቹ በናሽቪል በመኪና እየዞረ ችፕስ ይሸጥ የነበረው ኸርማን ሌይ ኋላ ስሙን የተሸከመ ታላቅ ኩባንያ ሊያቆም የቻለው፣ ሌሎችም በየአህጉሩ ሊከተሉት የቻሉት፣ ችፕሱ ተዘግቶ ርቆ መሄድ ስለ ቻለ ነው። ሰም የነካው ወረቀት በሴሎፎን፣ ሴሎፎኑም በብረት በተቀባ ስስ ፕላስቲክ ተተካ፤ በውስጡም በአየር ፈንታ ናይትሮጅን ይሞላበት ጀመር። ከረጢቱ ተነፍቶ ሲታይ ገዢው ተታለልሁ ብሎ ያጉረመርማል፤ ያ ናይትሮጅን ግን ዘይቱን ከመበላሸት፣ ችፕሱንም ከመድቀቅ የሚጠብቅ ነው።

በእንግሊዝ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1920 ፍራንክ ስሚዝ የተባለ ነጋዴ በለንደን ክሪክልዉድ ችፕስ ሲያመርት ጨውን አስቀድሞ አልነሰነሰበትም፤ በሰማያዊ ወረቀት ቋጥሮ በየከረጢቱ ውስጥ አኖረው። በላተኛው ቋጠሮውን ፈትቶ እንደ ወደደ ይነሰንሳል፤ ከረጢቱን ጨብጦ ይንጣል። ከዚህ በኋላ ቅመም የተቀላቀለበትን ችፕስ በ1954 ገደማ በአየርላንድ ታይቶ የተባለው ድርጅት በዐይብና በሽንኩርት ጣዕም አውጥቶ ገበያውን ለወጠው።

ከረጢቱ ለተጠበሰው መፍትሔ ቢሆንም ጥሬውን ማኖር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ድንች የሚሰበሰበው በወቅት ነው፤ ችፕስ የሚበላው ግን ዓመቱን በሙሉ ነው። ድንችን ለማቆየት ቀዝቃዛ ቦታ መልካም መስሎ ይታያል። ዳሩ ግን ድንች ከስድስት እስከ ስምንት ዲግሪ ከሚሆን ቅዝቃዜ በታች ከቆየ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። እንዲህ ያለው ድንች ሲጠበስ ውስጡ ሳይደርቅ ፊቱ ይጠቁራል፤ ይመራልም። ስለዚህ የችፕስ ድንች መጠነኛ ቅዝቃዜ ባለው፣ አየር በሚገባበትና ብርሃን በማያይበት ጎተራ ይቀመጣል። ብርሃን ያየው ድንች አረንጓዴ እየሆነ መርዝነት ያለውን ሶላኒን የተባለ ነገር ያከማቻል። ስኳሩ ከመልክና ከጣዕም በላይ ሌላ ጉዳይ እንዳለው የታወቀው ደግሞ በ2002 ነው። የስዊድን የምግብ ባለሥልጣንና የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከፍተኛ ግለት በሚጠበሱና በሚጋገሩ ስታርች ያላቸው ምግቦች ውስጥ አክሪላማይድ የተባለ አጠራጣሪ ነገር እንደሚገኝ በዚያ ዓመት አስታወቁ። ይህ ነገር የሚፈጠረው ስኳሩ በድንቹ ውስጥ ካለ አስፓራጂን ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር በግለት ሲገናኝ ነው። የድሮዎቹ ጠባሾች ድንቹን በውኃ አጥበው፣ ወርቃማ ሲሆን ሳያጠቁሩ ማውጣታቸው ለጣዕሙ ብለው ነበር፤ ለጤናም የሚበጀው ይኸው ሆኖ ተገኘ።

ድንቹ ራሱ ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የተነሣ ተክል መሆኑ ይታወቃል። ወደ አውሮፓ የገባው በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ደግሞ በ1858 በጀርመናዊው የእጽዋት ሊቅ በዊልሄልም ሺምፐር አማካይነት ነው። ሺምፐር በሰሜን ኢትዮጵያ እጽዋት እየሰበሰበ ለረጅም ዘመን ኖሮ በ1878 በዐድዋ ያረፈ ሰው ነው። ክረም ተቆጣ ከተባለበት ዓመት አምስት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። እንግዳው ተክል ሲመጣ ግን ስም አላጣም፤ በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ዛሬም የወላይታ ድንች ወይም የኦሮሞ ድንች የሚባል፣ ከዚህኛው ጋር ዝምድና የሌለው የአገር ተወላጅ ሥራ ሥር አለና። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የክፉ ቀን ረሀብ አገሩን ሲመታ የድንች እርሻ ይበልጥ ተስፋፋ። የኢትዮጵያ ገበሬ ድንቹን የሚያቆየው ብዙውን ጊዜ በጎተራ ሳይሆን ሳይቆፍር በመሬት ውስጥ በመተው ነው፤ ሲያስፈልገው ጥቂት ጥቂት እየቆፈረ ያወጣል። በሆለታ የምርምር ማዕከል የተመረጡት ጃለኔ፣ ጉዳኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች በ2002፣ በ2006 እና በ2009 ለገበሬ ከቀረቡ ወዲህ ግን የከተማው ገበያ የሚያገኘው ድንች በብዛትም በዓይነትም ተለውጧል።

በአዲስ አበባ ችፕስ የፋብሪካ ምግብ ከመሆኑ በፊት የጓዳ ሥራ ነበር፤ ዛሬም አልተወም። በዘይት የሚጠበስ በመሆኑ ጾመኛ የማይከለከለው፣ ሕፃን የማይጠላው ምግብ ነው፤ ሚጥሚጣ የሚነሰንስበትም አለ። ድንቹን ልጣ፣ አሳስታ ቆርጣ፣ በጨርቅ አድርቃ የምትጠብሰው ሴት ችፕሱ በደንብ እስኪበርድ ድረስ ከረጢት ውስጥ አትጨምረውም፤ ትኩሱ እንፋሎት ከታፈነ ኩርሽም ማለቱ በዚያው ያበቃልና። ሲበርድ በእፍኝ እየዘገነች በትንንሽ ፕላስቲክ ከረጢት ትሞላዋለች። ከዚያም ሻማ ታበራለች። የከረጢቱን አፍ አጥፋ በነበልባሉ ጠርዝ ላይ ፈጠን አድርጋ ታሳልፈዋለች፤ ከዘገየች ፕላስቲኩ ይበሳል፤ ከቸኮለች አይጣበቅም። ጠርዙ ሲቀልጥ በጣቷ ጫን አድርጋ ታትመዋለች፤ ከጆሮዋም አስጠግታ አየር ይወጣ እንደ ሆነ ጨመቅ አድርጋ ታዳምጣለች። የታሸገው ወደ ቅርጫቱ ይገባል። ነገ ጠዋት ልጇ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ይዞት ይሄዳል።